ቤቴ ዘመመብኝ፤ ከሥሩ ያለው በረዶ እየቀለጠ ነው አሉኝ

የፌርባንክሷ | እሑድ፣ ከምሽቱ 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው አላስካ፣ ፌርባንክስ ነው። ነርስ ነኝ። ቤት ከገዛን አራተኛ ዓመታችን ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ልጄ ሳሎን ውስጥ ብይ ሲጫወት ብዩ ብቻውን እየተንከባለለ ወደ ጥግ ሄደ። አንስቶ መሃል ላይ አስቀመጠው። ደግሞ ሄደ። እሱ ሳቀ፤ እኔን ግን ሆዴን ባር ባር አለኝ። ከዚያ የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ አለ። ባለፈው መጋቢት ደግሞ ከመስኮቱ ማዕዘን ጀምሮ ግድግዳው ተሰነጠቀ።

ሰው አስመጣን። ለካው። ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው 11 ሳንቲ ሜትር ወርዷል። "ቤታችሁ የቆመው ፐርማፍሮስት ላይ ነው፤ እየቀለጠ ነው" አለን። ቃሉን ሰምቼው አውቃለሁ። የሳይቤሪያ ነገር ይመስለኝ ነበር እንጂ የሳሎኔ ጉዳይ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም። የሸጡልን ሰዎች አልነገሩንም። ያገናኘን ደላላም አልነገረንም። ኢንሹራንስ ስንጠይቅ የመሬት መንቀሳቀስ ውላችሁ ውስጥ የለም ተባልን።

ለማያውቀው ልንገር። ፐርማፍሮስት ማለት ቢያንስ ሁለት ዓመት በተከታታይ ከዜሮ ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ የቆየ መሬት ነው። አፈርም፣ አሸዋም፣ ዓለትም ሊሆን ይችላል። ብዙው ግን ለሺዎች ዓመታት በብርድ እንደረጋ፣ ማለትም እንደ በረዶ እንደጠጠረ፣ የኖረ ነው። ከላይ ያለው ስስ ንጣፍ በጋ ላይ ይቀልጣል፣ ብርዱ ሲመጣ ተመልሶ ይረጋል። ከሥር ያለው አይነካም። አይነካም ነበር።

እኛ ጋ ደግሞ ሁሉም ቦታ የለም። አንዱ ግቢ አለ፣ ቀጥሎ ያለው ላይ የለም። የጎረቤቴ ቤት ቀጥ ብሎ ቆሟል። በመካከላችን ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫካ ግን ዛፎቹ አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ ተጋድመዋል። "የሰከሩ ዛፎች" ነው የሚሏቸው።

የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ይህ ቤት ይተርፋል? ደግሞም ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ የእኔ ቤት ከሌላው ሰው ጉዳት አንጻር ትንሹ ነው። ስለዚያም ብናወራ ደስ ይለኛል። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶችና ቀኖች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ኮለንና ቢም | እሑድ፣ ከምሽቱ 5:02

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔ አዲስ አበባ የምሠራ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በረዶ ላይ ቤት ሠርቼ አላውቅም፤ የሚንቀሳቀስ መሬት ግን አውቃለሁ። ዋልካ ላይ መሠረቱ ሳይጠልቅ የተሠራ ቤት አይተሻል። ዝናብ ሲመጣ አፈሩ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውም አብሮት ይሄዳል። እኛ ጥቁሩን አፈር ዝቀን አውጥተን ሰሌክት የሚባል የተመረጠ አፈር እንሞላለን። እናንተ ጋ ዝቆ መጨረስ የለም። የረጋው መሬት አሥር ሜትርም፣ መቶ ሜትርም ሊወርድ ይችላል።

በረዶው ጠላት እንዳይመስልሽ። ምሰሶው እሱ ነው። የረጋ አፈር ውስጥ ያለ በረዶ አፈሩን እንደ ሲሚንቶ ይይዘዋል፤ በደንብ ቀዝቃዛ እስከሆነ ድረስ እንደ ኮንክሪት ይሸከማል። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ወደ ታች የሾለ፣ ብዙ ሜትር የሚወርድ የበረዶ ሽብልቅ አለ። ያ ሲቀልጥ ውሃው ይሄዳል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል። ቤትሽ የሚወርደው ወደዚያ ባዶ ቦታ ነው።

ስለዚህ ብልሃቱ የቤቱን ሙቀት ከመሬቱ ማራቅ ነው። ሩሲያ ውስጥ ባሉት ያኩትስክና ኖሪልስክ ከተሞች ሕንፃዎቹ ረጅም ፓይል (መሬት ውስጥ የሚተከል ምሰሶ) ላይ ቆመው ከወለሉ ሥር ነፋስ ያልፋል። እዚያው አላስካ በ1977 ሥራ የጀመረው የነዳጅ ቧንቧ 1,288 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከመሬት ተነሥቶ ምሰሶ ላይ ነው የሚሄደው። ብዙዎቹ ምሰሶዎች ውስጥ አሞኒያ ያለባቸው ቱቦዎች አሉ። በብርዱ ወራት የመሬቱ ሙቀት አሞኒያውን ያተነዋል። ትነቱ ወደ ላይ ወጥቶ ቀዝቃዛው አየር ጋ ሲደርስ ሙቀቱን ይለቅና ፈሳሽ ሆኖ ይመለሳል። ሞተር የለው፣ መብራት አይፈልግ። በጋ ሲሆን ራሱ ይቆማል። ይህን የመሰለ የሚያምር ምህንድስና ጥቂት ነው ያየሁት።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅሽ። ቤቱ ከመሬት ተነሥቷል ወይስ ተቀምጧል? ወለሉ ሥር ምን አለ? ከመግዛታችሁ በፊት ግቢው ላይ ምን ተሠራ? የጣራው ውሃ የት ይፈሳል?

የፌርባንክሷ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:40

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ቤቱ የእንጨት ነው፤ አጫጭር ቋሚዎች ላይ ተነሥቶ ነው የተሠራው። ግን ከወለሉ በታች ያለው ክፍተት ዙሪያውን በጣውላ ተዘግቷል። የውሃ ቧንቧው እንዳይቀዘቅዝ ብለው የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ናቸው የዘጉት። ግቢውንም ለሣር ብለው አጽድተውታል። መሬቱን እንደ ስፖንጅ የሚሸፍነውን አረንጓዴ ነገር፣ ሞስ የሚሉትን፣ ገፈውት ዛፎቹን ቆርጠዋል። የጎረቤቴ ግቢ ላይ እስካሁን አለ። የጣራው ውሃ ቤቱ ሥር ነው የሚወርደው።

ኮለንና ቢም | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3:15

በይ እንግዲህ፣ ምክንያቱን ራስሽ ነገርሽኝ። ጣውላው ሙቀቱን አፍኖ ወደ መሬት እየላከው ነው። ሞሱ ደግሞ የመሬቱ ጋቢ ነበር፤ የበጋ ፀሐይ እንዳያገኘው ይከላከልለት ነበር። የጎረቤትሽ ቤት ሥር በረዶ ላይኖርም ይችላል። ኖሮም በጋቢው ምክንያት ተርፎ ሊሆን ይችላል።

ሳይቤሪያ፣ ያኩትያ ውስጥ ባታጋይ የሚባል ቦታ በ1960ዎቹ ጫካ ተመነጠረ። በዚያ የጀመረ መንሸራተት ዛሬ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ገደል ሆኗል፤ አሁንም እየሰፋ ነው። ያን ገደል የጀመረው የአየሩ ሙቀት ሳይሆን የሰው መጥረቢያ ነው። አየሩ መሞቁ ግን እንዳይቆም አደረገው።

ጠያቂው | ሰኞ፣ ከቀኑ 7:30

ይቅርታ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ፌርባንክስ በብርዱ ወራት ከዜሮ በታች 30 እና 40 ይደርሳል አይደል? በጋ የቀለጠው ታዲያ ለምን ተመልሶ አይረጋም?

ሳነቴ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:10

በእኛ አገር ምሳሌ ልሞክር። ባሌ፣ ሳነቴ አምባ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ስትወጣ ሌሊት መሬቱ ይረጋል። ጎህ ሲቀድ ብትራመድበት ከእግርህ ሥር ይንኮሻኮሻል። ረፋድ ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ጭቃ ይሆናል። በየቀኑ እንዲህ ነው። እነሱ ጋ ይህ ነገር በቀን ፈንታ በዓመት ይዞራል። አሁን ሚዛኑ ተዛባ ማለት ነው፤ በጋ የሚቀልጠው ጠለቀ፣ ብርዱ ደግሞ እዚያ ድረስ መውረድ አቃተው።

ሳነቴ ላይ ድንጋዮች በመስመር በመስመር ተደርድረው ታያለህ። ሰው ያረሰው ይመስላል። በበረዶ ዘመን መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ የደረደራቸው ናቸው ይላሉ ያጠኑት ሰዎች። ያ ብርድ ከእኛ ከሄደ ቆየ። አሻራው ግን አለ።

ትሮምሶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:45

የሳነቴን ላሟላ። ከሰማይ የሚወርደው በረዶ ራሱ ብርድ ልብስ ነው። በጊዜ ወፍራም በረዶ ከጣለ መሬቱ ከብርዱ ተሸፍኖ ይቀራል። አየሩ ከዜሮ በታች 40 ቢሆን እንኳ ከሥሩ ያለው መሬት ብዙም ሳይቀዘቅዝ ይከርማል። የአርክቲክ አካባቢ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ በአራት እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ሞቋል። ፌርባንክስ ያለው የረጋ መሬት ደግሞ ድሮውንም ለዜሮ የቀረበ ነው፤ ጫፍ ላይ ያለ ነገር ነው። እህታችን፣ በብርዱ ወራት የቤቱን ዙሪያ በረዶ ጥረጊው። ብርዱ መሬቱን ያግኘው።

ጋሽ ኔቫ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:00

ልጆቼ፣ እኔ በደርግ ጊዜ ሌኒንግራድ ነው የተማርኩት። ዶርም አብሮኝ የነበረው ልጅ ከያኩትያ የመጣ የሳኻ ተወላጅ ነበር። ስለ አገሩ ሲያወራ ማቆም አይችልም ነበር፤ እኔም ስለ ወሎ እንዲሁ። ሁለታችንንም ያገናኘን ከብት ነው። ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ በሚደርስበት አገር ላምና ፈረስ ያረባሉ ሲለኝ አላመንኩትም ነበር።

ግጦሻቸው አላስ ይባላል። ከሺህ ዓመታት በፊት ከመሬት ሥር ያለው በረዶ ቀልጦ መሬቱ ሰጥሞ የተፈጠረ ክብ ሜዳ ነው፤ መሃሉ ላይ ብዙ ጊዜ ሐይቅ አለው። ሣሩን የሚያጭዱት ከዚያ ነው። የበረዶ መቅለጥ ለእነሱ ጥፋት ብቻ አልነበረም ማለት ነው፤ የከብቶቻቸውን ሜዳ ሰጥቷቸዋል። ያ ግን የዝግታ ሥራ ነበር። አሁን የሚሆነው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። መስኩ ጉብታ ጉብታ ይሆናል፣ ትራክተር አያስኬድም፣ ቤት ይሰነጠቃል።

አንድ ታሪክም ነገረኝ። ሸርጊን የሚባል ነጋዴ በ1828 ያኩትስክ ውስጥ የውሃ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀመረ። ዘጠኝ ዓመት ተቆፈረ። 116 ሜትር ወረዱ፤ አሁንም የረጋ መሬት ነው። ውሃ አላገኙም። ጉድጓዱ ግን ሳይንቲስቶች የምድሩን ብርድ የለኩበት ቦታ ሆነ። ዛሬም አለ። ያ ልጅ ይህን ሲነግረኝ በኩራት ነበር። "የእኛ መሬት መሠረቱ አይነቃነቅም" ይለኝ ነበር።

ዶክተር ቢሾፍቱ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:30

ጋሼ፣ ከብት ካነሡ እኔም ልግባ። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። በ2016 ሐምሌ ሳይቤሪያ ውስጥ ያማል የሚባል ልሳነ ምድር ላይ ሙቀቱ እስከ 35 ዲግሪ ደረሰ። ከዚያ አባ ሰንጋ ተነሣ። አዎ፣ ያው የእኛው አባ ሰንጋ። እዚያ ከ1941 ወዲህ ታይቶ አያውቅም ነበር። ኔኔት የሚባሉት አርብቶ አደሮች የሚጠብቋቸው የበረዶ አጋዘኖች ከ2,000 በላይ አለቁ። በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ሞተ።

የአባ ሰንጋ ተህዋስ ሲመቸው ይራባል፤ ሳይመቸው ቅርፊት ለብሶ አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይተኛል። በሠራሁበት ወረዳ ሽማግሌዎች "ያ መስክ ከብት በልቷል" ብለው የማይነዱበት ቦታ ነበር። ማንም አላስተማራቸው፤ አይተው ነው። በያማልም የድሮ በድን ያረፈበት የረጋ አፈር ሲቀልጥ ነው ተህዋሱ የወጣው ተብሎ የሚታመነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። የአጋዘኖቹ ክትባት በ2007 ቆሞ ነበር። በሽታው ለረጅም ጊዜ ስላልታየ አያስፈልግም ተባለ። ሙቀቱ በሩን ከፈተው እንጂ ጠባቂውን ያነሣው ሰው ነው።

ጠያቂው | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:10

ዶክተር፣ ከዚያ በረዶ ውስጥ የሺህ ዓመት ቫይረስ ወጥቶ ይጨርሰናል የሚል ቪዲዮ በየቦታው አያለሁ። እውነት ነው?

ዶክተር ቢሾፍቱ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:20

በ2014 የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ከ30,000 ዓመት የሳይቤሪያ አፈር ውስጥ ቫይረስ አውጥተው እንደገና ሕያው አድርገዋል። እውነት ነው። ግን የሚያጠቃው አሜባን ነው፤ ሰውንም ከብትንም አይነካም። ጥናቱ መቀጠል አለበት፤ ሰውን ማስፈራራት ግን አይጠቅምም። አባ ሰንጋን የመሰለ ስሙንም ክትባቱንም የምናውቀው በሽታ ነው የሚያሳስበኝ።

ሀ ግዕዝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኩ። ግን ልናገር። እኔ ያደግሁት ያቤሎ ነው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳን አባቴ ከብቶቹን አንድ በአንድ ቀበረ። እኛ የራሳችን አለን። የአላስካ ቤት ዘመመ ተብሎ እንዴት ልዘን? ሀብታም አገር ነው፤ ይሥሩላቸው።

የፌርባንክሷ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:30

ወንድሜ፣ ለአባትህ እግዜር ያጽናቸው። ለእኔ ቤት እንድታዝን አልፈልግም። ደመወዝ አለኝ። ስለ ሌሎቹ ግን ልንገርህ።

በምዕራብ አላስካ ኒውቶክ የሚባል መንደር ነበር። ዩፒክ የሚባሉ ነባር ሕዝቦች ናቸው፤ 350 ሰው ገደማ። ከዓሣና ከአደን ነው የሚኖሩት። አያቶቻቸው ከወቅቱ ጋር ይንቀሳቀሱ ነበር። በጋ አንድ ቦታ፣ ብርዱ ሲመጣ ሌላ ቦታ። ከዚያ መንግሥት ትምህርት ቤት ሠራና አንድ ቦታ ቁጭ በሉ ተባሉ። ተቀመጡ። የተቀመጡበት መሬት ደግሞ በበረዶ የተያያዘ ነበር። ሲሞቅ ቤቶቹ ሰመጡ፣ መተላለፊያው ረግረግ ሆነ፣ ኒንግሊክ የሚባለው ወንዝ ዳሩን እየገመሰ መንደሩን በላው።

እንነሣ ብለው ማቀድ የጀመሩት በ1990ዎቹ ነው። ከመንግሥት ጋር ቦታ የተለዋወጡት በ2003። በ2016 መጨረሻ የአደጋ አዋጅ ይታወጅልን ብለው ጠየቁ፤ በጥር 2017 ተከለከሉ። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች የገቡት በ2019፣ የመጨረሻዎቹ በ2024። ከወንዙ ማዶ 14 ኪሎ ሜትር ለመሻገር ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀ። አዲሱ ቦታ መርታርቪክ ይባላል። በቋንቋቸው ከምንጭ ውሃ መቅጃ ማለት ነው።

ከዚያ አካባቢ የመጡ እናት አስታምሜ አውቃለሁ። ስለ መሬቱ ስጠይቃቸው መጀመሪያ የነገሩኝ ስለ ቤቱ አልነበረም። ስለ መቃብሩ ነው። ወንዙ ወደ መቃብሩ እየመጣ ነው አሉኝ። ሀብታም አገር ነው ያልከው ልክ ነው። ሀብቱ ግን እሳቸው ጋ አልደረሰም። አባትህ ጋም አልደረሰም። አየሩን ያሞቀውን ጭስ ያላጨሱ ሰዎች ናቸው ሁለቱም።

ሀ ግዕዝ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:05

ስለ መቃብሩ ያልሽው ገባኝ እህቴ። ለአባቴም አነበብኩላቸው። "እነዚያም አርብቶ አደር ናቸው?" አሉኝ። ዓሣ ነው የሚያጠምዱት አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ውሃም ይከዳል" አሉ።

ትሮምሶ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:00

ሀ ግዕዝ፣ ከእኛ ጋር የሚያገናኝ ሁለት ነገር ልጨምር።

በሰሜኑ የረጋ መሬት ውስጥ ያለው ካርቦን 1,500 ቢሊዮን ቶን ገደማ ይገመታል። አየሩ ውስጥ ካለው ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ሣር፣ ሥር፣ ቅጠል፣ አጥንት፤ ሳይበሰብስ የተቀመጠ። የማይሠራ ፍሪጅ አስብ። ሲሞቅ ይበሰብሳል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን ይወጣል፣ እሱ ደግሞ መልሶ ያሞቃል። "የሚቴን ቦምብ" የሚሉት ግን ልክ አይደለም። አንድ ቀን የሚፈነዳ ነገር አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ዝግ ብሎ የሚያፈስ ነው። ለእኔ ይህ ቦምብ ከመሆኑ አይሻልም፤ ዝግ ያለ ነገር ማንንም አያስደነግጥም።

ሁለተኛው ዘር ነው። የኖርዌይ በሆኑት የስቫልባርድ ደሴቶች ላይ ተራራ ውስጥ በ2008 የተከፈተ የዓለም የዘር ማከማቻ አለ። አዲስ አበባ ያለው የእንስሳት ምርምር ተቋም፣ ኢልሪ፣ የመኖ ዘሮቹን ቅጂ እዚያ አስቀምጧል። ቦታው የተመረጠበት አንዱ ምክንያት የረጋው መሬት ነው፤ መብራት ቢጠፋ እንኳ ተራራው ራሱ ያቀዘቅዘዋል ተብሎ። በ2016 ጥቅምት ግን ያልታሰበ ሙቀትና ዝናብ መጥቶ ውሃ ወደ መግቢያው ዋሻ ገባ። እዚያው ረጋ፤ ዘሮቹ አልተነኩም። በኋላ መግቢያው ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ እንደገና ተሠራ።

ጠያቂው | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:40

ኖሪልስክ ላይ ናፍጣ የፈሰሰውስ? እሱም ከዚህ ጋር ነው የሚነሣው።

ኮለንና ቢም | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4:25

ግንቦት 29፣ 2020። የኃይል ማመንጫ የናፍጣ ታንክ ሥሩ ከድቶት 20,000 ቶን ገደማ ፈሰሰ። አምባርናያ የሚባለው ወንዝ ቀላ። ኩባንያው ፐርማፍሮስቱ ቀልጦ ነው አለ። የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ግን የግንባታ ጉድለትና የክትትል ማነስ ነው ብሎ ደመደመ። ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ካሳ ተፈረደ።

እኔ በዚህ ጥብቅ ነኝ። መሬቱ እየሞቀ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ምሰሶውን በየዓመቱ መለካት አለበት። ቀለጠብኝ ማለት ካልለካ ሰው አይቀበሉትም። እህታችን፣ አንቺም ለኪ።

የፌርባንክሷ | ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:15

ተመለስኩ። የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ እግዜር ይስጣችሁ።

አሞኒያ ያለውን ቱቦ ዋጋ ጠየቅን፤ አቅማችን አይደርስም። ስለዚህ የሚቻለውን አደረግን። ዙሪያውን የዘጋውን ጣውላ ነቀልነው። ቧንቧዎቹን ለብቻቸው በሙቀት መከላከያ ጠቀለልናቸው፤ ወለሉንም ከሥር እንዲሁ። የጣራውን ውሃ በአሸንዳ ከቤቱ አራቅነው። ቋሚዎቹ ላይ እንደ መኪና ክሪክ ያለ፣ በብሎን ከፍና ዝቅ የሚል ነገር ተገጠመ። አንድ ሰው በቁልፍ እያዞረ ያስተካክለዋል። በየዓመቱ ማዞር ሊኖርብን ነው። ለምን ያህል ዓመት እንደሆነ የነገረን የለም።

ጎረቤቴ ከግቢዋ ጠርዝ ሞስ ቆርጣ ሰጠችኝ። ከልጄ ጋር በሰሜኑ በኩል ተከልነው።

ከ11 ሳንቲ ሜትሩ 9ኙ ተመልሷል። በሩ ይዘጋል። የግድግዳውን ስንጥቅ አልለሰንኩትም። ጫፉ ላይ በእርሳስ መስመር አድርጌ ቀን ጽፌበታለሁ። ኮለንና ቢም፣ መጋቢት ላይ ለክቼ እዚሁ እጽፍልሃለሁ።

ኮለንና ቢም | ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:05

መጋቢት ላይ ብቻ አይደለም። መስከረም ላይም ለኪ፣ በጋው ሲያልቅ። የሚወርደው ያኔ ነው።